የተቃናው ደረጃ

«ጋሼን አሟቸዋል» አለ ውኃልክ። «ሥዕሉን በኔ ላኩት።»

ክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ሱቅ ፍሬም ሠሪ መስላ ተቀምጣለች። ክር የምስጢር ስሟ ነው። ውኃልክ አለቃዋ ነው፤ ወደ ስለላ ከመግባቱ በፊት ሕንፃ ይሠራ ስለነበር ስሙ ከዚያው ወጣለት። ጋሼ የሚሏቸው የጂኦሜትሪ መምህር ናቸው። ዓይን የሚያታልል ሥዕል ይሥላሉ፤ በያንዳንዱም መልእክት የተቀመጠበትን ፌርማታ ቁጥር ይደብቃሉ። አነባበቡን ከሷ በቀር ለማንም አላሳዩም።

የዛሬው ዙሪያውን የሚዞር ደረጃ ነበር።

«ስትወጪ አንድ ደምሪ፣ ስትወርጂ አንድ ቀንሺ» ብለዋት ነበር። «ዞረሽ መነሻሽ ላይ ስትደርሺ ዜሮ ካልመጣ፣ ያ ደረጃ በወረቀት እንጂ በድንጋይ አይሠራም። የተረፈው ቁጥራችን ነው።»

ቆጠረች።

ዜሮ።

ደግማ ቆጠረች። ዜሮ። ይህንንማ ማንም ግንበኛ ይሠራዋል። ጋሼ እንዲህ ያለ ደረጃ ሥለው አያውቁም።

ጎንበስ ብላ አየችው። ሦስት ደረጃዎች ይወርዳሉ፤ ጥላቸው ግን የሚወጣ ደረጃ ጥላ ነው። አንድ ሰው ዋናውን አስቀርቶ ሥዕሉን በሌላ ወረቀት ገልብጦታል። ሲገለብጥም እጁ አላስችል ብሎት አቃንቶታል። ሕንፃ ሲነድፍ የኖረ እጅ።

ቀና አላለችም።

ሦስቱን በሐሳቧ ወደ ላይ መለሰቻቸው። መቀነሱ ቀርቶ ሲደመር እያንዳንዱ ሁለት ያመጣል። ስድስት። ስድስተኛው ፌርማታ፣ ከአግዳሚው ሥር፤ በጠላት ቢሮዎች ውስጥ የሚሠሩላቸው የአርባ ሰዎች ስም።

«ስንተኛው ነው?» አለ ውኃልክ። ከዚህ በፊት ጠይቋት አያውቅም።

«ምን አሟቸው ነው?»

«ጉንፋን ነዋ። አንቺ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ እሳቸው ለእራት ቤታቸው ይገባሉ።»

ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች ጋዜጣ ይዘው ቆመዋል። አያነቡም። ጋሼ በነማን እጅ እንዳሉ ገባት። እውነቱን ብትናገር አርባ ሰው ያልቃል። ብትዋሽ አንድ።

«ሁለተኛው» አለች።

ሰዎቹን አስከትሎ ሄደ። ሁለተኛው ፌርማታ ለመድረስ አሥር ደቂቃ። ባዶ መሆኑን ለማወቅ አንድ ደቂቃ።

በጓሮ በር ወጣች። ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ጫማዋን የምታስር መስላ ዝርዝሩን አነሳች። የሚቀበላት የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከትኬቱ ጋር አቀበለችው፤ ኪሱ ከተተና መንገዱን ቀጠለ። ሥራው በቃ ይኸው ነበር።

ከአንድ ሱቅ ስልክ ለጋሼ ቤት ደወለች። ምን እንደምትል አላሰበችበትም። ስልኩ አንድ ጊዜ ሳይጮህ ተነሣ።

«አባዬ? የት ነህ?» አለች አንዲት ሴት። «አባዬ፣ አንተ ነህ?»

ክር ስልኩን አስቀመጠችና ከሥራ ወደሚመለሰው ሕዝብ ገባች፤ እንደማንኛዋም የደከማት ሴት።