የጠፋው የካላክላ ጥልፍ

ጥልፉ ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ የለም። የተሰቀለበት መርፌ ቁልፍ ብቻ ቀርቷል።

ጋዳ ክው ብላ ቆመች። ከሱዳን አብዮት ወዲህ የካርቱም ሥነ ጥበብ ኮሌጅ «ከእንግዲህ ሥዕል ብቻ አይበቃም፤ ጥናትም አቅርቡ» ሲል የመጀመሪያዋ አጥኚ እሷ ሆነች። ጥናቷ የካርቱም ሐበሾች ጥልፍ ነው። እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ ያልወጣ አማርኛ። ነገ ፈታኞቹ ፊት ዋናውን ጥልፍ ሳትይዝ ብትቆም አዲሱ ደንብ አብሯት ይቀበራል።

ቀባሪም አላጣ። አንጋፋው የሥዕል መምህር ኡስታዝ ኤልፋቲሕ «ሰዓሊ ይስላል እንጂ አይመራመርም» ባይ ናቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ቢሯቸው ሰተት አለች።

«የአዳራሹ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነበር?»

«ነበር።»

«ጥልፌን የት አደረሱት?»

ሽማግሌው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ጥናትሽን እጠላለሁ። የሰው እጅ ሥራ ግን አልሰርቅም። ብሰርቅስ አንዱን ብቻ ምን ያደርግልኛል?»

አንገቷን ደፋች። እውነት ነው፤ የሌሎቹ ሴቶች ጥልፎች አልተነኩም። ሌባው ያንን አንዱን ፈልጎ ነው የመጣው።

ዘበኛውን ኦመርን ያዘችው።

«ማን ገባ?»

«ስንጠርግ በሩ ክፍት ነበር። አንዲት ሐበሻ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ተከናንባ መጣች። ‹የተሕቂቁ ክፍል የት ነው?› አለችኝ።»

«ተሕቂቅ? የፖሊስ?»

«እኔም ሳቅኩ። እዚህ ያለው ሥዕል ነው ብዬ አዳራሹን አሳየኋት።»

ጋዳ አልሳቀችም። ጥናት በዐረብኛ ባሕስ ነው፤ ተሕቂቅ ግን ፖሊስ የሚያደርገው ምርመራ ነው። ሴትየዋ ቃሉን ከአማርኛ ተርጉማው መሆን አለበት። አማርኛውን ማን ነገራት? ራሷ ጋዳ ናት። ነገሩ ሲገባት ሮጣ ወጣች።

ካርቱም ዳር ካላክላ ሰፈር ስትደርስ ይመኙሻል፣ ጥልፉን ያዋሰቻት ሴት፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ጨርቁ ጭኗ ላይ ነው። በመርፌ ጫፍ ክሩን እየመዘዘች ትተረትራለች፤ ግማሹ ሄዷል።

«ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ለምን?»

«መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ለምንድን ነው የመጣሁት አልሽኝ?»

«ለ… ምርመራ።»

«ለምርመራ አልሽ። እጄን ፎቶ አነሳሽ። ጨርቄ ላይ ቁጥር ለጠፍሽ። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም፤ እንቢ ማለት ፈራሁ። በቀደም ጎረቤቴ ታፍሳ ስትባረር ተራው የእኔ ነው አልኩ። ከተተረተረ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም።»

«ምርምር ማለቴ ነበር፣ ወላሂ። ቃሉ ተምታታብኝ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ጋዳ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። «በምርመራ ፖሊሱ ብቻ ይጠይቃል። በምርምር አንቺም ትጠይቂኛለሽ።»

ይመኙሻል መርፌዋን አቆመች።

«እንግዲያው ልጠይቅሽ። ግድግዳው ላይ ስትሰቅይው ከሥሩ የማንን ስም ጻፍሽ?»

ጋዳ መሬት የወደቀውን ክር መሰብሰብ ጀመረች። የጻፈችው የራሷን ነበር።