በቁሟ የተለቀሰላት ልጅ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው፣ ሰዓቱን የማልረሳው ባለጉዳይ በሬን ገፍቶ በገባ ቁጥር ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት የማየት ልማድ ስላለኝ ነው። ዓይን አፋር ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ ደፋር ሴት እንዳልመስላችሁ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገርም አምኜ አላውቅም፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን መብራት ሲጠፋ የዶርም ልጆች የመንፈስ ወሬ ሲጀምሩ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የምተኛ ነበርኩ፣ ፈርቼ ሳይሆን ሰልችቶኝ፣ እመኑኝ። ዛሬም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፣ ሴቻ በሚባለው የከተማው የላይኛው ሰፈር በአንድ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ነበርኩ። በሬን ገፍተው የገቡት አቶ ካንኮ የሚባሉ የጨንቻ አካባቢ ሸማኔ ናቸው፣ የወንድማቸውን ልጅ ማርታን እንዲረከቡ ያስጠራኋቸው እኔ ነኝ።

የማርታን ነገር ባጭሩ ላስረዳችሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ከዓመት በፊት እናትና አባቷ ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ፣ እሷ ግን የለችም። ገዳዩ በእርሻ ድንበር የተጣላቸው ጎረቤታቸው ነው፣ ልጅቷን ለመግደል እጁ እምቢ ብሎት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ብቻ ካምባ ወደሚባል ሩቅ ወረዳ ወስዶ ለአንዲት ሴት «የእህቴ ልጅ ናት፣ ወላጆቿ ሞተውባት ነው» ብሎ ትቷት ተመለሰ። ተመልሶ ደግሞ፣ ይህን ስሙልኝ፣ ከፈላጊዎቹ ጋር ሆኖ ሲፈልጋት ሰነበተ፣ በሦስተኛው ቀን የላስቲክ ጫማዋን ይዞ መጣና «ወንዝ ዳር አገኘሁት» አለ፣ ከዚያም ለቅሶዋ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። በመጨረሻ ፖሊስ ደረሰበት፣ አመነ፣ ተፈረደበት፣ ማርታም በሕይወት ተገኘች። መዝገቡ ተዘጋ፣ ሁሉም ሰው ተመስገን አለ።

«ጋሼ ካንኮ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅቷ ደህና ናት፣ ዛሬውኑ ይዘዋት መሄድ ይችላሉ» አልኳቸው።

አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«እህቴ፣ እኛ ለማርታ አልቅሰንላታል።»

«አውቃለሁ፣ ግን እኮ በሕይወት አለች!»

«አልቅሰንላታል ነው የምልሽ። ሬሳ ስላጣን አረንጓዴ ቀሚሷን ከእናቷ ጎን ቀበርን፣ እኔ ነኝ በገዛ እጄ የቀበርኩት። ሜዳ ወጥተን ስሟን እየጠራን አለቀስን። የተለቀሰለት ሰው ደግሞ ተመልሶ በበር አይገባም፣ ጎሜ ነው።»

ጎሜ ማለት በእኛ አገር ከተደፈረ በቤተሰቡም በከብቱም በእህሉም ላይ መዘዝ የሚያመጣ ነውር ነው፣ እናቴ የጨንቻ ሰው ስለሆነች ቃሉን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሽማግሌዎች መቃብሩን በሥርዓት ያነሱታል የሚል አለ። የተቀበረ አይነሳም የሚልም አለ። አልተስማሙም» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ልጅቷ አንቺ ጋ ካለች፣ ከደጅ ድምፅ ብትሰሚ አትክፈቺ፣ መልስም አትስጪ። እኛ ቤት ሁለት ጊዜ መጥታለች።»

«ማን?»

«የቀበርናት።»

እሳቸው ሲወጡ ኃላፊዬ ከጎን ክፍል መጣ፣ ሁሉንም ሰምቷል። «ተቀባይ የለም ማለት ነው። ቅጹን ሙዪና ፈርሚ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ወደ ሐዋሳ በሚሄደው መኪና ማሳደጊያ ትግባ።»

«ዘመዶች እኮ አሏት…»

«የማይቀበል ዘመድ ዘመድ ነው እንዴ? ዛሬን ብቻ አንቺ ጋ ትደር።»

«እሺ» አልኩ። ሁልጊዜ የምለው እሱን ነው። ቅጹ ላይ «ተቀባይ ቤተሰብ ያልተገኘላት» ይላል፣ ከሥሩ የእኔ ስምና ባዶ መስመር አለ፣ ያ መስመር ከተፈረመበት ማርታ አገሯን ዳግመኛ አታይም።

የተከራየሁት እዚያው ሴቻ፣ እትዬ አጸደ የሚባሉ ከጎጃም መጥተው እዚህ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ሴት ግቢ ነው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት መብራት ሄደ። ማርታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች፣ ሦስተኛ ሙዟ ነው፣ የፊት ጥርሷ ስለወለቀ በጎን ነው የምትነክሰው፣ ስትናገርም በክፍተቱ ፉጨት የመሰለ አየር ይወጣል፣ ይህን አስተውሉልኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት በሩን የሚነካ ነገር ነው፣ ማንኳኳት አይባልም፣ በመዳፍ ቸብ ቸብ ማድረግ፣ ከታች፣ ወገቤ የማይደርስ ቦታ ላይ። ድመት መሰለኝ። ቀጥሎ፣ ውሸት አይደለም፣ በጋሞኛ «ክፈቱልኝ፣ በረደኝ» የሚል የልጅ ድምፅ መጣ፣ ያው ፉጨትም አብሮት አለ። የማርታ ድምፅ ነው። ማርታ ደግሞ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፏን በሙዝ ሞልታ ታየኛለች።

«ሰማሽ?» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ ምንም አልደነገጠችም። ሙዙን ዋጠችና «ቀሚሴን የለበሰችው ናት» አለች።

ስለ ቀሚሱ ማንም አልነገራትም፣ ሲቀበር እሷ ካምባ ነበረች፣ እኔም ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የሰማሁት።

«ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«ቤት መግባት።»

ይህን ጊዜ ከግቢው ማዶ የእትዬ አጸደ ድምፅ ዝናቡን ሰንጥቆ መጣ። «ኧረ አንቺ ልጅ! የተማረች ናት ብዬ ነው ያከራየሁሽ፣ ሕፃን ልጅ በዚህ ዝናብ ደጅ ይቆማል? ነይ የኔ እናት፣ ወደኔ ነይ… ምነው ዘጋሽኝ?»

«እትዬ፣ ማርታ ውስጥ ናት!» አልኩ።

«ዓይኔ እኮ ሞራ የለበትም! ይቺውና አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ በርሽ ላይ ተለጥፋ!»

አልዋሻችሁም፣ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ነገር ግን እንደተቀመጥኩ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር መጣብኝ፣ ንዴት። ያንን ቀሚስ ያስቀበረው ማነው? ጫማ ይዞ የመጣው ያ ሰው አይደለም? እሱ ታስሯል፣ ውሸቱን ግን ማንም አላሰረውም፣ እስከ አሁን ድረስ አንዲትን ልጅ ከቤቷ ደጅ ያቆማል፣ ነገ ደግሞ በእኔ ፊርማ ሐዋሳ ሊያደርሳት ነው። ተነሳሁ፣ አትክፈቺ የተባልኩትን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩትና ዝናቡ ላይ ጮህኩ፣ «ማርታ አልሞተችም! እዚህ ናት፣ ከእኔ ጋር ናት!» በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም፣ ድምፁ የእኔም አልመሰለኝ።

ደጁ ላይ ማንም የለም። እትዬ አጸደ በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል።

«የት ሄደች?» አልኳቸው።

«ገባች እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «በጎንሽ አልፋ ገባች።»

ሻማ ለኩሼ አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለግሁ፣ ከማርታ በቀር ማንም የለም። ማታ ስንተኛ ማርታ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ፣ በእኔና በእሷ መካከል ሰፊ ቦታ ተወች። «ጠጋ በይ እንጂ» ብላት «ይበቃኛል» አለችኝ። እስኪነጋ ጀርባዬን አላዞርኩም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቅጹን አወጣሁ። አልቀደድኩትም፣ ጥንቁቅ ሰው ነኝ፣ በፊርማዬ ቦታ «ቤተሰብ አላት፣ ወደ ቤተሰቧ ወስጃታለሁ» ብዬ በጥሩ እጅ ጽፌ በኃላፊዬ በር ሥር አሾለክሁት። ከዚያ ማርታን ይዤ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ መናኸሪያ ወረድኩና በመጀመሪያው መኪና ጨንቻ ወጣሁ።

አቶ ካንኮ ቤት ስንደርስ ጉሙ ገና አልገለጠም። ሰው ወዲያው ተሰበሰበ፣ ሚስታቸው ማርታን ሲያዩ ጮኹ፣ አንድ እርምጃም ተራመዱና ቆሙ። አቶ ካንኮ በራቸውን በሰውነታቸው ዘጉት።

«እህቴ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ጋሼ ካንኮ፣ ማርታ ሞታለች ያላችሁ ማነው?»

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጫማዋን ይዞ የመጣው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲህ በነፍሰ ገዳይ ቃል ነው ያለቀሳችሁት። ጎሜ ካለም ያለው እሱ ላይ ነው። ወንድምዎን ገደለ፣ አሁን ደግሞ የወንድምዎን ልጅ በእርስዎ እጅ እንዲቀብር ይፈቅዱለታል?»

«የከተማ ልጅ ምላሷ ረጅም ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ትናንት ቢሮ ስትናገር እኮ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ» አሉ አቶ ካንኮ፣ ከዓይናቸው እንባ እየወረደ።

ከዚያ ያደረግኩትን ማንም አላስተማረኝም። እነሱ ስሟን ጠርተው አልቅሰው የለ? እኔም የማርታን እጅ እንደያዝኩ፣ ጠጋ ካለ ሰው ጋር እንኳ የምሽኮረመመዋ እኔ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በቻልኩት መጠን «ማርታ!» ብዬ ጠራሁ።

«አቤት» አለ ከእንሰቱ ውስጥ።

ከዚያ በኋላ ነው ማርታ አጠገቤ አፏን ከፍታ «አቤት» ያለችው። የገደል ማሚቶ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ማሚቶ ግን ቀድሞ አይመልስም። የሁሉም አንገት ወደ እንሰቱ ዞረ። እኔ አላዞርኩም። የአቶ ካንኮ ሚስትም አላዞሩም፣ ባላቸውን ገፍተው መጡና ማርታን ታቅፈው በዋናው በር ይዘዋት ገቡ፣ እኔም ተከትዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ማርታን ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው የሚበላ ሲሰጧት፣ ማንም እንዳይከፍት ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ በሳንቃው ማዶ ከወገቤ ዝቅ ብሎ የሆነ ነገር መጥቶ ቀስ ብሎ ሲደገፍ ተሰማኝ፣ አልገፋም፣ አልተናገረም፣ ደክሞት እንደሚደገፍ ልጅ ክብደቱን ብቻ ጣለብኝ።

ማርታ በልታ እስክትጨርስ ድረስ ከቦታዬ አልተንቀሳቀስኩም።