ድንኳን ካለ፣ እምዬ አለች

ልጆች፣ እስቲ ጠጋ በሉ። ዛሬ ስለ ሶስና እና ስለ አያቷ ስለ እምዬ ላጫውታችሁ።

የእምዬ ስሟ ደብሪቱ ነበር። ሶስና ግን «እምዬ» ነበር የምትላት፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚላት።

በእነ ሶስና ሰፈር ሰርግ ሲኖር ድንኳን ይተከላል። ሰው ሲሞትም ድንኳን ይተከላል።

ኳ! ኳ! ኳ! ካስማው ሲመታ የሰማ ሁሉ ከቤቱ ይወጣል።

ከሁሉ ቀድማ የምትወጣው ደግሞ እምዬ ናት። ነጠላዋን ደርባ፣ ሶስናን በእጇ ይዛ፣ ኩስ ኩስ እያለች ትሄዳለች።

«እምዬ፣ ይሄ እኮ የእኛ ድንኳን አይደለም!» ትላታለች ሶስና።

«ሰፈሩስ የእኛ አይደለም እንዴ?» ትላለች እምዬ። «ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ነይ፣ ፈጠን በይ!»

ስለዚህ ሶስና አንድ ነገር በደንብ ታውቃለች። ድንኳን ካለ፣ እምዬ አለች!

እስቲ እናንተም በሉ፦ ድንኳን ካለ፣ እምዬ አለች!

አንድ ቀን ሶስናን አክስቷ ቤቷ ወሰደቻት። ሁለት ሌሊት እዚያው አደረች። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም።

አክስቷ ብስኩት ገዛችላት። ፀጉሯንም ሠራችላት። ግን የአክስቷ ዓይኖች ቀልተው ነበር።

«አክስቴ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«አቧራ ገብቶበት ነው» አለች አክስቷ። ሁለቱም ዓይኖቿ ውስጥ አቧራ? ሶስና ግራ ገባት!

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች። በራቸው ላይ ምን ብታይ ጥሩ ነው? ድንኳን! ትልቅ ድንኳን!

«እሰይ!» ብላ ዘለለች። «ድንኳን ካለ፣ እምዬ አለች!» ከዚያም እምዬን ፍለጋ ሮጠች። ዱብ! ዱብ! ዱብ!

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ድስቶቹ ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃራ በትልቅ ድስት ንፍሮ ይቀቅላሉ። ስንዴውና ሽምብራው ተክ ተክ ተክ ይላል።

«እትዬ ዘሃራ፣ እምዬን አይተዋታል?»

እትዬ ዘሃራ ማማሰላቸውን አቆሙ። «ውይ ልጄ! ሙሽራ ሆኜ እዚህ ሰፈር ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። ብቻዬን ሳለቅስ ሰማችኝና በዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሹልክ ብላ መጣች። ‹ከዛሬ ጀምሮ እህትሽ ነኝ› አለችኝ።»

ሶስና ወደ አጥሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየች። እምዬ የለችም።

ሶስና ግራ ገባት!

ኳ! ኳ! ጋሽ ተካልኝ ነፋስ ያላላውን ካስማ እየመቱ ነው። ጋሽ ተካልኝ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ ድንኳን ሲተከል አይጠፉም።

«ጋሽ ተካልኝ፣ እምዬን አይተዋታል?»

ጋሽ ተካልኝ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ይህን መንገድ ታይዋለሽ? ድሮ ጭቃ ነበር። ክረምት ሲመጣ ልጆች ትምህርት ቤት መሄድ አይችሉም። አንድ ቀን እትዬ ደብሪቱ ከወንዝ ድንጋይ ተሸክመው መጡና ብቻቸውን መደርደር ጀመሩ። እኛ ወንዶቹ አፍረን ተነሣን!»

ሶስና መንገዱን አየች። እስከ መታጠፊያው ድረስ አየች። ድንጋይ አለ፤ እምዬ ግን የለችም።

ሶስና ግራ ገባት!

ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «እምዬን አይታችኋታል?» አለቻቸው።

«እኛ እኮ በአንዲት ዶሮ ተጣልተን ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ነበር» አለች አንደኛዋ።

«እትዬ ደብሪቱ ዶሮዋን ወሰዱብን!» አለች ሁለተኛዋ። «‹እስክትታረቁ ድረስ እንቁላሉን የምበላው እኔ ነኝ› አሉን። በሳምንቱ ታረቅን!»

ሁለቱ ሴቶች ሳቁ። እየሳቁ አለቀሱ። እያለቀሱ እንደገና ሳቁ።

ሶስና ወደ ዶሮ ቤቱ ሄዳ አየች። ዶሮዋ «ቃቅ!» አለቻት። እምዬ እዚያም የለችም።

ሶስና በጣም፣ በጣም ግራ ገባት!

ሁሉም ሰው እምዬን ያውቃታል። ሁሉም ሰው ስለ እምዬ ያወራል። ታዲያ የት እንዳለች የሚናገር እንዴት ይጠፋል?

ሶስና ድንኳኑ መሃል ቆመች። ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «ድንኳን አለ! እምዬ የት አለች?»

ጭጭ! ሁሉም ዝም አለ።

ጋሽ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ዘሃራ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

ልጆች፣ ትልቅ ሰው ግራ ሲገባው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ድንኳን ሙሉ ትልቅ ሰው ግራ ገብቶት ነበር።

ለምን መሰላችሁ? በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶውን የምትናገረው ሁልጊዜ እምዬ ነበረች። ከባዱን ነገር መናገር የምትችለው እሷ ነበረች። አሁን ማን ይናገር?

የሶስና እናት ከጥግ ተነሣች። «የሞተችው እናቴ፣ የምትጠይቀው ልጄ» አለች በልቧ። ከዚያም «እኔ እነግራታለሁ» አለች። «ግን እንዴት እንደሚነገር አላውቅም።»

«እኔ ስትናገር አይቻታለሁ» አሉ እትዬ ዘሃራ። «መጀመሪያ ሰውየውን ታስቀምጠዋለች። ከዚያ እጁን ትይዛለች። ከዚያ እውነቱን ትነግረዋለች፤ ዙሪያ ጥምጥም አትሄድም።»

እናቷ ሶስናን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። ሁለቱን እጆቿን ያዘች።

«የኔ ልጅ፣ እምዬ ሞታለች። ብዙ፣ ብዙ ዓመት ኖረች። ሰውነቷ አረጀ፤ ልቧም መምታት አቆመ። ይሄ ድንኳን የእሷ ነው።»

ሶስና የእናቷን ፊት አየች። «ነገ ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ድንኳኑን ባናፈርሰውስ? ሁልጊዜ እዚህ ቢሆንስ?»

«ቢሆንም አትመጣም፣ የኔ ልጅ።»

ሶስና አለቀሰች። እናቷም አለቀሰች። እናቷ እጆቿን አልለቀቀችም።

ብዙ ነገር ገና አልገባትም ነበር። ግን ከእንግዲህ እምዬን በአጥር ቀዳዳ አትፈልጋትም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሂክማ መጣች። ሂክማ የእትዬ ዘሃራ የልጅ ልጅ ናት፤ ገና አራት ዓመቷ ነው።

ሂክማ ድንኳኑን ዞር ዞር ብላ አየች። «እምዬ የት አለች?» አለች።

ትልልቆቹ እንደገና ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ወይ ትልልቅ ሰዎች!

ሶስና ተነሣች። ሂክማን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት። ትንንሽ እጆቿንም ያዘች።

«ሂክማ፣ እምዬ ሞታለች» አለቻት። «ነገም አትመጣም። ድንኳን ቢተከልም አትመጣም።»

«ለምን?»

«ብዙ ዓመት ኖራ ሰውነቷ አረጀ።»

የሂክማ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ሶስና ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። «አልቅሺ» አለቻት። «እኔም አልቅሻለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩ ነበር። ጋሽ ተካልኝ ባርኔጣቸውን አወለቁና ፊታቸውን ሸፈኑበት።

በዚያ ምሽት ጎረቤቶቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። የእምዬን ቤተሰብ ብቻውን አንተወውም ብለው፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ።

ሶስና በእናቷና በሂክማ መሃል ተኛች። እትዬ ዘሃራ ሦስቱንም በአንድ ብርድ ልብስ ሸፈኗቸው።

መብራቱ ጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ሶስና» አለች ሂክማ በሹክሹክታ። «ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም» አለች ሶስና። «አይዞሽ፣ አለሁ።»