የማይረጋው ኩሬ

የገደፋው የዕለት ሥራ ጎህ ሲቀድ በጨው ኩሬዎቹ ዳርቻ እየዞረ የተንጠለጠለውን ሲባጎ ማውጣት ነበር። ሲባጎው ጫፉ ላይ ጠጠር ታስሮ ሲመሽ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ጨው ለብሶ ከወጣ ኩሬው ደርሷል ማለት ነው። በዚያ የአፋር በረሃ ሙቀት ሥራው ከመጠበቅ በቀር ብዙም ጥበብ አይጠይቅም። ከሁሉም ዳር ያለው ኩሬ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ውሃው በፀሐይ ተመጥጦ እንደ ዘይት ወፍሯል፤ ሰው ቢገባበት አንሳፎ ይይዘዋል እንጂ አያሰጥመውም። ሆኖም አንዲት ፍሬ ጨው አልወጣውም።

«ከልኩ በላይ ጠግቧል» አለ የፓምፑ ሠራተኛ ዘርጋው። «እንዲህ ያለ ውሃ ዘር ነው የሚፈልገው። ዘሩን ካገኘ ባንድ አፍታ ድንጋይ ይሆናል።»

እንደ ደንቡ ካለፈው ምርት ጭብጥ ጭብጥ ጨው በተኑበት። ውሃው ዋጠውና ዝም አለ።

ገደፋው ዘርጋውን በጥርጣሬ ዓይን ነበር የሚያየው። ታናሽ ወንድሙ ስሜነህ ከዚህ ሰው ጋር ተደባድቦ ጥርሱ ከተሰበረ ማግስት ጀምሮ አልታየም። ዘርጋው ግን «ታርቀናል፤ ሊታከም ሎጊያ ሄዷል፣ እኔው ነኝ መኪና ላይ ያሳፈርኩት» ይላል። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ይህን ማን ያረጋግጣል? እናታቸው ልጇን አደራ ብላ የሰጠችው ለገደፋው ነው። ከጎጃም ይዞት የመጣው እሱ፣ ይዞት መመለስ ያለበትም እሱ ነው።

አንድ ማለዳ የዚያን ኩሬ ሲባጎ ሲስብ፣ ከጠጠሩ በላይ እሱ ያልቋጠረው ቋጠሮ አገኘ። ወደ ግራ የተጠማዘዘ፣ ሁለቴ የታጠፈ ነው። ግራኙ ስሜነህ፣ የሲባጎው ሥራ የእሱ በነበረ ጊዜ፣ እንዲህ ነበር የሚቋጥረው። ገደፋው በጣቱ ዳሰሰው። እንደ ሰው እጅ ይሞቃል።

በማግስቱ ቋጠሮው በዛ። ነፋስ በሌለበት፣ የድኝ ሽታ ጉሮሮ በሚከረክርበት፣ ሌሎቹ ሠራተኞች ራቅ ባለው ሰፈራቸው ገና ከእንቅልፋቸው ባልነቁበት በዚያ ድንግዝግዝ፣ ከወፍራሙ ውሃ ሥር አፉ በጨርቅ የታፈነ ሰው የሚተነፍስ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎም ስሜነህ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልለቀቀው ያ ደረቅ ሳል ተሰማ። ገደፋው ዳሩ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዘርጋው ፓምፑን ሊያስነሳ ሲመጣ አካፋ ይዞ ጠበቀው።

«ወንድሜን የት አደረግኸው?»

«ሎጊያ ነው አልኩህ እኮ! ምን ነካህ አንተ ሰው?»

አካፋው ፊቱ ላይ አረፈ። ዘርጋው አፍንጫው ተሰባብሮ በጀርባው ኩሬው ውስጥ ወደቀ፤ ጨዉ ቁስሉን ሲያገኘው የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ገደፋው ደረቱን በአካፋው ወደ ታች ገፋው፤ ውሃው መልሶ አወጣው። መታው፤ ተንሳፈፈ። ደግሞ መታው። ክንዱ እስኪዝል፣ የራስ ቅል ሲሰነጠቅ በእጀታው በኩል እስኪሰማው ድረስ መታው። ያን ጊዜ፣ ማንንም የማያሰጥመው ውሃ ዘርጋውን ከሥር ይዞ ሳበው። ጣቶቹ በመጨረሻ ጠፉ።

ከጠፋበት ቦታ ነጭ ነገር ተነስቶ እየተንጣጣ ወደ ዳር ሮጠ። ገደፋው አካፋውን ከውሃው ሳያወጣው ነጩ ነገር ነክሶ ያዘው። ትኩስ ወላፈን ፊቱን ገረፈው። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር ጠጠረ፤ ደሙ እንኳ አይታይም።

እኩለ ቀን ላይ የውሃ መኪናዋ ከሎጊያ መጣች። ከላይዋ ጉንጩ በፋሻ የታሰረ ጎረምሳ ዘሎ ወረደ።

«ጋሼ! ዘርጋው የት አለ? ብርቱካን አምጥቼለታለሁ።»

ገደፋው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ስሜነህ ግን ዓይኑ ከዳሩ ኩሬ ላይ አርፎ ነበር። እየሳቀ ሄዶ ነጩን በእግሩ መታ መታ አደረገና፣ «በስተመጨረሻ ረጋ! ምን ዘራችሁበት?» አለ።