ጥቁሩ አፈር ከታች

ሟቹን ከቦዩ ያወጡት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኢንስፔክተር ይታይሽ ከእንጅባራ በባጃጅ ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ ጥፋተኛው ግን ከእሷ ቀድሞ ተገኝቷል። እጁ በካቴና ታስሮ የቀርከሃ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኑን ከጫማው አያነሣም። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመውበታል። የቀን ሠራተኞቹ ራቅ ብለው ይንሾካሾካሉ። ይታይሽ፣ እሷ ሳትደርስ ያለቀ ነገር አይጥማትም። በሃያ ዓመት ሥራዋ እንዲህ በቶሎ ያለቁ ነገሮች አብዛኞቹ ተመልሰው ሲጀመሩ አይታለች።

ቦዩ ከከተማው ዳር ተነሥቶ ወደ ጥርባ አቅጣጫ የሚሄድ የውኃ ቧንቧ የሚቀበርበት ነው፤ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። የሞተው ምስጋናው የሚባል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነው፤ ሥራው ተቋራጩ በውሉ መሠረት መሥራቱን ማየት ነበር። ቦይ ውስጥ ሲወርድና ሲወጣ የሚውል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር ይላሉ። ከማጅራቱ በላይ ቁስል አለው። ያወጡት ሰዎች እንጨት ወድቆበት ነው ብለዋል። አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል ተልኳል፤ የሐኪሙ ቃል ግን ከነገ በፊት አይደርስም።

የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ እንዳልካቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሽቅርቅር ሰው፣ ውሉን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ተቀበላት። ሰላምታው ራሱ ውል ነበር።

«ከሜትር ተኩል በላይ የጠለቀ ቦይ ግድግዳው በጣውላና በእንጨት መደገፍ አለበት። የወጣው አፈር ከቦዩ አፍ አንድ ሜትር መራቅ አለበት። የተመደበው ፎርማን በየጠዋቱ፣ ደግሞም ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሳያየው ሰው አይገባበትም። የተመደበው ደርበው ነው። ፈርሞ ነው የተቀበለው» አለና በአገጩ ወደ ታሰረው ሰው አመለከተ።

«ሟቹ መቼ ገባ?»

«ዝናቡ ከአምስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ዘነበ። እንዳባራ ኢንጂነሩ ወደ ቦዩ ሲሄድ በቢሮዬ መስኮት አየሁት። ሰሌዳው ‹መግባት ይቻላል› ይላል። አምኖ ገባ፤ ተናደበት።»

ሰሌዳው ቦዩ አፍ ላይ ካለው ምሰሶ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ነው። በአንድ ፊቱ «መግባት ይቻላል»፣ በሌላው «መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ከደርበው በቀር የሚነካው አልነበረም።

ይታይሽ ደርበው ፊት ቁጢጥ አለች። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«አራት ሰዓት ላይ ሠራተኛው ለቁርስ ሲወጣ ክልክሉን አዙሬው ነው የሄድሁት» አላት። «ስመለስ ግን ይቻላል ይላል። እኔ እንጃ እመቤቴ፣ ረስቼው ይሆን?»

ሰው ሁሉ ረሳህ ሲለው እሱም ራሱን መጠራጠር ጀምሯል። ይታይሽን ከካቴናው ይልቅ ያሳዘናት ይህ ነው። የት እንደነበረ ጠየቀችው። ለአዲስ መሰላል የሚሆን ቀርከሃ ሊመርጥ ወደ ጎረቤቱ ገበሬ ጓሮ ሄዶ፣ ዝናቡ ይዞት እዚያው ተጠልሎ ቆየ። ገበሬው ገበያ ስለነበር ያየው ሰው የለም።

«ወንድሜም በቦይ ነው የሞተ» አለ ሳትጠይቀው። «ውቤ ይባላል። አምና ዳንግላ ላይ፣ ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ሲሠራ። ሪፖርቱ ክልክል የሚለውን ሰሌዳ ጥሶ ገባ ይላል። ከዚያ ወዲህ ነው ቦይ ማየቱን ለእኔ ስጡኝ ብዬ የለመንሁት። አሁን እናቴ ምን ልትል ነው?»

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው፤ ተጠርጣሪው እስከ አሥር ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ አላት። ቀና ስትል በጥርባ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነፋሱ የአፈር ክምር የተሸፈነበትን ሸራ ያርገበግበዋል። ሌላ ዝናብ ከመጣ ቦዩ ዳር ያለው ምልክት ሁሉ ይታጠባል። አንድ ሰዓት ቢኖራት ነው።

ይህን ስታስብ ከወዲያ ጫጫታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ በአዊኛ እየጮኹ ወደ ቦዩ ሊያልፉ ይታገላሉ፤ ፖሊሱ ይገፋቸዋል። አበረ ይባላሉ፤ ቦዩ የሚያቋርጠው የድንች ማሳ የእሳቸው ነው። ከገበያ እንደተመለሱ ሟቹን ሲያወጡ አብረው ቆፍረዋል።

«ሰው ሞቶ እሳቸው ስለ አፈር ያወራሉ» አለ ፖሊሱ ተጸይፎ።

ይታይሽ ግን አዊኛ የአፍ መፍቻዋ ነውና ቁጭ ብላ አዳመጠቻቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ደርበው ማሳቸውን ከመቆፈሩ በፊት ቃል ገብቶላቸዋል። ላይኛው ጥቁር አፈር፣ ለዘር የሚሆነው፣ አምስት ሜትር ስፋት ተገፍፎ በማሳው በኩል ለብቻው ተከምሮ በሸራ ይሸፈናል። ከሥር የሚወጣው ቀይ አፈር በማዶ ይከመራል። ቦዩ ሲሞላ ቀዩ ይቀድማል፤ ጥቁሩ መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ቃሉንም እስከ ዛሬ ጠብቋል። ዛሬ ግን ቀዩን ጭቃ አንሥተው ሟቹ ጋ ሲደርሱ፣ ከደረቱና ከአንገቱ ላይ በእጃቸው የጠረጉት ጥቁር አፈር ነው።

«ጥቁሩን አፈሬን ማን ነው ከታች የከተተው?» አሉ በመጨረሻ በአማርኛ፣ ሁሉም እንዲሰማላቸው። «ደርበው አያደርገውም።»

ይታይሽ ብድግ ብላ ወደ ቦዩ ሄደች። ግድግዳው ከአፉ እስከ ታች ቀይ ነው፤ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም። የተናደው በማዶ፣ በቀዩ ክምር በኩል ያለው ነው። ጥቁሩ ክምር ከቦዩ አፍ ሜትር ያህል ርቆ እንደተቀመጠ አለ። የሸራው አንድ ጥግ ተገልጧል፤ ከሥሩ ክምሩ ተዝቆ ጎድጉዷል።

ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ቦዩን ዞረችው፤ ተመልሳ ዞረችው። ትርፍ የድጋፍ እንጨት የተደረደረበት ሣር ላይ ስትደርስ ከዳር ካሉት ሦስቱ ላይ የምስማርና የጣውላ ጠባሳ አየች፤ ቦይ ውስጥ የዋሉ እንጨቶች ናቸው። አንዱን አነሣችው። ከሥሩ ያለው ሣር ለምለም ነው፤ አልገረጣም። ግን ደረቅ ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ውኃ ሲያንጠባጥብ፣ እዚህ ጉንዳን ይርመሰመሳል። እንጨቱን በቀስታ መልሳ አስቀመጠችውና አንዱን ፖሊስ ጠርታ ማንም እንዳይነካው አቆመችው።

ሠራተኞቹን ለየብቻ አነጋገረቻቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደርበው ቦዩን ሲያይ ድጋፉ ሁሉ በቦታው እንደነበር ሁሉም መሰከሩ። አራት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ወዳለው ሻይ ቤት ሄደዋል፤ ዝናቡ እስኪያባራ ከዚያ አልተነሡም። ሳይቱ ላይ የቀሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ደርበው ደግሞ ቀርከሃ መረጣ ላይ ነበርሁ ይላል።

ሁዘይፋ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነው፤ ከጃዊ፣ በሰፈራ ከመጣ የሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ የተወለደ። ማሽኑ ሥር ተኝቶ ቅባት ሲቀባ ምንም አላየም። ይታይሽ ልትለቀው ስትል አንድ እንግዳ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ይህን ቦይ ሙላ ብትባል ከየትኛው አፈር ትጀምራለህ?»

«ከቀዩ ነዋ። ጥቁሩን ከታች ከቀበርሁት ሰውየው ምን ላይ ሊዘራ ነው?»

የምሥራች የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናት፤ የአዘና ገበሬ ልጅ። ያንኑ ስትጠየቅ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይህንማ የእናቴ ዶሮም ታውቀዋለች» አለች። ቀጥላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ምስጋናው ጠዋት የታሸገ ፖስታ ሰጥቷት ለደርበው ስጪልኝ ብሏት ነበር፤ በዚህ ሁሉ ግርግር እጇ ላይ ቀረ። ሌላም ነገር አለ። አራት ተኩል ላይ እንዳልካቸው ራሱ መጥቶ አካፋ ወሰደ፤ ቢሮው ደጃፍ ላይ የዝናብ ውኃ መውረጃ ልቀድ ብሎ።

«አካፋ ይዞ አይቼው አላውቅም» አለች። «ሲመልሰው ደግሞ አጥቦታል።»

ይታይሽ በቢሮው ደጃፍ በኩል አለፈች። የተቀደደ መውረጃ የለም። እንዳልካቸው ውስጥ ሆኖ ስልክ ያወራል። ያንኑ ጥያቄ እሱንም ጠየቀችው።

«ቅርብ ካለው እጀምራለሁ» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። «አፈር አፈር ነው። ውሉ ላይ ስለ ቀለሙ የተጻፈ ነገር የለም።»

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሦስቱንም፣ ደርበውንና አበረንም ጨምራ፣ ከጥቁሩ ክምር አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ነጎድጓዱ ቀርቧል። ሠራተኞቹም ሳይጠሩ ተጠግተው ቆሙ። ደርበው እንደታሰረ ነው።

«ቶሎ ልበል፤ ዝናቡ አይጠብቀኝም» አለች። ፖሊሱን አዝዛ ሦስቱን እንጨቶች በሁሉም ፊት አስነሣች። «ሣሩን እዩት። ለምለም ነው፤ እንጨቱ እዚህ ቢሰነብት ኖሮ ይገረጣ ነበር። ስለዚህ የመጣው ዛሬ ነው። ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ የመጣው ከዝናቡ በፊት ነው። ድጋፉ ሁለት ሰዓት ላይ በቦታው ነበር፤ ዝናቡ አምስት ሰዓት ላይ ጀመረ። በዚያ መሐል አንድ ሰው ነቅሎታል።»

«ደርበው ይሆናላ» አለ አንዱ ፖሊስ። «የወንድሙ ቂም አለበት። ዳንግላም ተቆጣጣሪው ሟቹ ነበር።»

«አስቤዋለሁ። ግን እሱን ትተን ሟቹን እንይ። ምስጋናው ድጋፍ በሌለው ቦይ የሚወርድ ሰው ነበር?»

ከሠራተኞቹ አንዱ አልነበረም አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያስ አልወረደም፤ ማጅራቱን ተመትቶ ወድቆ ነው የገባው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ገላው ላይ የተገኘው ግን ጥቁር አፈር ነው፤ ቀዩ ከዚያ በላይ ነው የወደቀው። ጥቁሩ ክምር ከአፉ አንድ ሜትር ስለራቀ በራሱ ተንሸራትቶ አይገባም። ሰው ነው በአካፋ ያስገባው። የመታው ሰው ድጋፉን ነቅሎ ዝናብ እስኪንደው መጠበቅ ነበረበት፤ በሐምሌ እዚህ አገር ዝናብ አይቀርም። እስከዚያ ግን ገላው መታየት አልነበረበትም። ስለዚህ ቅርብ ያገኘውን አፈር አለበሰው፤ ጥፋቱ ወደ ደርበው እንዲዞርም ሰሌዳውን ገለበጠው። ሦስታችሁን አንድ ነገር ጠይቄ ነበር። ሁለታችሁ የገበሬ ልጆች ናችሁ። ደርበውማ ጥቁሩን ለይቶ ያስቀመጠው ራሱ ነው፤ ሊደብቅ ቢፈልግ እንኳ ለጋሼ አበረ የሚጮኽ ምልክት አይተውም። አፈር አፈር ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

እንዳልካቸው ውሉን ከብብቱ አወጣ። «ይህ ማስረጃ አይደለም» አለ።

«አይደለም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ኢንጂነሩ ሲራመድ አየሁት ማለትህ ግን ማስረጃ ነው፤ ያኔ ከጥቁሩ አፈር ሥር ነበረና። የምሥራች፣ አካፋውን አምጪው።»

ብረቱ ንጹሕ ነው። እጀታው የገባበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ጥቁር አፈር ተጠቅጥቋል። ሳይቱ ላይ ያሉት ሌሎች አካፋዎች ሁሉ በቀይ ተለስነዋል፤ ጥቁሩን በማሽን እንጂ በአካፋ የነካው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ይታይሽ ፖስታውን ከፍታ አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። ዳንግላ ላይ ውቤ የሞተ ዕለት የተነሣ ነው። ቦዩ ራቁቱን ነው፤ አንድም የድጋፍ እንጨት፣ አንድም ሰሌዳ አይታይበትም። ከጀርባው ምስጋናው በእጁ ጽፎበታል፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «የዚያን ቀን ሰሌዳ አልነበረም። ሪፖርቱን እንዳልካቸው ጽፎት እኔም ፈርሜበታለሁ። ሰኞ አርመዋለሁ። ይቅር በለኝ።»

እንዳልካቸው የውሉን ላስቲክ ጠመዘዘ። «ለመንኩት» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «አንድ ዓመት ያለፈውን ነገር ምን ያደርግልሃል ብዬ ለመንኩት።» ካቴናው ከደርበው እጅ ወደ እሱ ሲዛወር ውሉ መሬት ላይ ወደቀ፤ ያነሣው የለም።

ደርበው የተፈታ እጁን እያሸ ፎቶግራፉን ተቀበለ።

«ክልክል የሚል ሰሌዳ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም» አለችው።

«እናቴ ደጊቱ ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው እንዲያው አይደለም። ‹ልጄ ምነው የሰው ቃል አይሰማ› እያለች ነው፣ ሙት እየወቀሰች። እኔም አብሬያት ወቀስሁት።» ፎቶግራፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ቆለፈበት።

ትልልቅ ጠብታዎች መውረድ ጀመሩ። ሠራተኞቹ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጡ፤ ይታይሽም ምልክቱን የምትሸፍንበት ሸራ ስትፈልግ ዞር ዞር አለች። ደርበው ብቻ ወደ ቦዩ አፍ ሄደ። በርበሬ የመሰለውን ግድግዳ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ሰሌዳውን ወደ ክልክሉ አዞረ፤ ነፋስ እንዳይገለብጠው በሽቦ አሰረው፤ ጥቁሩን አፈር መልሶ ሸፈነ።