የሁለተኛው ጉዞ ጠርሙስ

አቶ ላቀው ከአልጋቸው ግርጌ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። ከእጃቸው ፈንጠር ብሎ አንድ ጠርሙስ በጎኑ ተጋድሟል፤ ከውስጡ የፈሰሰው ወይን ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ጠቁሯል። በወይኑ ዳር የቤቱ ድመት አራት እግሯን ዘርግታ ሞታለች።

ኢንስፔክተር ረቢአ ከሁሉ አስቀድማ የተመለከተችው ድመቷን ነው።

«ሐኪሙ ሳይመጣ እሷ ነገረችን» አለች ጎንበስ እንዳለች። «መርዙ ወይኑ ውስጥ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ የቡሽ መክፈቻ ተቀምጠዋል። ቡሹ ከመክፈቻው ጠመዝማዛ ብረት አልወጣም፤ እንደተሰካ ነው። ረቢአ አየችው፤ አልፋውም ሄደች። ባቲ ተወልዳ ከሚሴ ያደገች፣ እንኳን ልትጠጣው የወይን ጠርሙስ በእጇ ይዛ የማታውቅ ሴት ናት። አብረዋት የገቡት ሁለት ፖሊሶችም እንደሷው ነበሩ። መክፈቻውን ከሌላው ዕቃ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው አስቀመጡት።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የመንገድ መሐንዲስ ናቸው። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ጎብኚ በዝቶ ስለነበር የከሚሴው በድሩ ኮስትር መኪናውን ለጉብኝት አሰማርቷል። አቶ ላቀውም ሁለት ጉዞ አከታትለው ያዙ። የመጀመሪያው የጨፋን ሜዳ አይቶ፣ የባቲን ገበያ ዞሮ ሐሙስ ከሚሴ ተመለሰ። ሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ሐይቅና ላሊበላ ሊነሳ ነበር። ሌሎቹ እንግዶች ሐሙስ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እሳቸው ብቻ ቀሩ፤ ያደሩትም እዚህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለው በሀዲጃ ማረፊያ ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት ሞተው ተገኙ።

ያገኛቸው የእህታቸው ልጅ ይመር ነው። ደሴ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ይሠራል፤ አጎቱን ሊጠይቅ ሐሙስ አመሻሹ ላይ መጥቶ ጎን ባለው ክፍል አድሯል።

«ጋሼ ጥሩ ሰው ነበሩ» አለ ከክፍሉ በር ቆሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ዘጠኝ ዓመት እሳቸው ቤት ነው የኖርኩት። ሲታመሙ አጥቤ፣ አጉርሼ…»

«ማታ ምን ተጫወታችሁ?»

«ስለ ጉዞው ነዋ። ሳልሞት አገሬን ልይ ይሉ ነበር።»

«ወይኑስ?»

«ከአዲስ አበባ ገዝተው ያመጡት ነው። ግማሹ ዘይና ዘንድ ተቀምጧል ብለውኝ ነበር። እንግዲህ ማታ ሰጥታቸው ይሆናል። ጠርሙሱ ጉዞውን ሙሉ በእሷ እጅ ነው የሚቆየው፤ ሌላ ማን ይነካዋል?»

«አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምን ይዤ እመጣለሁ? ባዶ እጄን።»

ግቢው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ዘይና የኮስትሩ አስተናጋጅ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት። ወሬው ከረቢአ ቀድሞ ፈርዶባታል። «ወይን ስትጠላ!» ይላል አንዱ። «ሰውዬውን በጠርሙሱ የተነሳ ስትጨቀጭቀው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል ሌላው። የረቢአ ስልክ ጮኸ፤ ኮማንደሩ ነው።

«ሴትዮዋን ለምን አታስገቢያትም? ከተማው ሁሉ እየደወለልኝ ነው።»

«ጁምዓ እስኪያልቅ ይታገሱኝ።»

«ከጁምዓ በኋላ እሷን ወይም ሌላ ሰው። ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ።»

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እትየ ሀዲጃ መደቡ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለሰውዬው ይሁን ለድመቷ አይለይም።

«አካም ቡልቴ፣ እትየ ሀዲጃ?»

«ምን አዳር አለ ልጄ! ከነድመቴ ጉድ ሆንኩ። ቤቴ ወይን አይገባም ብዬው ነበር። ‹ኤዬ፣ ኤዬ› እያለ እሺ ይለኛል፣ ኦሮምኛውን የቻለ መስሎት። ተደብቆ ነው ያስገባው፣ ይቅር ይበለው።»

«ማታ እንዴት ነበሩ?»

«አመሻሹ ላይ ፊቱን ጥሎ ነው የመጣው። ራት ላቅርብ ብለው አኮረፈ። ኋላ የእህቱ ልጅ መጣ፣ ገብተው ትንሽ እንደቆዩ ሽማግሌው ሲስቅ ሰማሁት። ወጥቶም ‹ሀዲጃ፣ በድሩን አሸነፍኩት!› አለኝ። በምን እንዳሸነፈው ወላሂ አላውቅም።»

በድሩ መኪናውን እያጠበ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው።

«ደንቡ የእኔ ነው» አለ ጨርቁን እየጨመቀ። «ለአንድ ጉዞ፣ ለአንድ ሰው፣ አንድ ጠርሙስ። ሲሳፈር ለዘይና ያስረክባል። ማታ እራት ላይ ትሰጠዋለች፤ ራሱ ከፍቶ፣ በራሱ ብርጭቆ ይጠጣል። ጉዞው ሲያልቅ የተረፈው ይደፋል።»

«ለምን ይደፋል?»

«ዓርብ ዓርብ ሽማግሌዎችንና እናቶችን በዚህ መኪና ዱዓ አደርሳለሁ፣ በነጻ። እነሱ በሚቀመጡበት መኪና አልኮል እንዴት ይደር?»

«ሁለት ጉዞ ለሚያከታትል ሰውስ?»

«ያው ነው። ሁለተኛው ጉዞ ሌላ ጉዞ ነው፤ ከፈለገ ሌላ ጠርሙስ ያምጣ። አቶ ላቀው ተናደዱብኝ። ‹አንተ ሰውዬ፣ እኔ ከመኪናህ ሳልወርድ ጉዞው በየት በኩል አለቀ?› አሉኝ። በመጨረሻ ግን ተሳሳቅን።»

ዘይና ከኮስትሩ ኋላ፣ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ተቀምጣ ነበር።

«ደፋሁት» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሐሙስ ከመግሪብ በፊት፣ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ግማሽ ያህል ነበረው። አባባ ላቀው ‹ማሎ ዘይና፣ ማሎ ልጄ፣ ለዛሬ ማታ ብቻ› እያሉ ለመኑኝ። አልሰማኋቸውም።»

«ስትደፊው ማን አየሽ?»

«ማንም። ሰው ሁሉ ለሶላት ሄዷል።»

«ባዶው ጠርሙስ የት አለ?»

«ጎማው ሥር ትቼው ነበር። ጠዋት የለም።» ቀና አለች። «ኢንስፔክተር፣ ልጆቼ ይህን ወሬ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ብታስሪኝ እንኳ እነሱ ሳይመጡ እሰሪኝ።»

ረቢአ ወደ መንገዱ ወጣች። ባዶ ጠርሙስ የሌለበት፣ ምስክር የሌለበት ቃል ነው። ሴትዮዋን ማመን ፈልጋ እንደሆነ ጠረጠረች፤ ማመን መፈለግ ደግሞ ለመርማሪ መጥፎ መነሻ ነው። እየተራመደች ጠረጴዛውን፣ ብርጭቆውን፣ መክፈቻውን በልቧ ደረደረች። አንዱም አልተናገራትም። ስለማታውቀው ዕቃ እየመረመረች እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ወደ መናኸሪያው በኩል ወዳለች አንዲት ግሮሰሪ ሄደች።

«ወይን አለ? ቡሽ ያለው።»

ባለ ግሮሰሪው ከሻሿ ወደ ማዕረጓ፣ ከማዕረጓ ወደ ሻሿ አየ። «ለ… ለእርስዎ?»

«ለመንግሥት» አለች። «ክፈተውና ልይ።»

ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ብረቱን አሽከረከረ፣ ጎተተ፣ ቡሹ ጷ ብሎ ወጣ። ወዲያው ቡሹን በጣቶቹ ጠምዝዞ ከብረቱ አላቀቀው።

«ቡሹን ለምን አላቀቅኸው?»

«ካላላቀቅሁትማ የተረፈውን በምን እደፍነዋለሁ? በዚህ ነው መልሼ የምወትፈው።»

«ነገስ? ግማሽ የቀረውን እንደገና በመክፈቻ ትከፍተዋለህ?»

ሳቀ። «መክፈቻ ምን ያደርጋል፣ ኢንስፔክተር! አንዴ የተከፈተ በእጅ ጎተት ነው።»

ረቢአ ቡሹን ተቀብላ አገላበጠችው። በመሃሉ አንድ ቀዳዳ አለ። አንድ ብቻ። ከግሮሰሪው በሩጫ ለመውጣት ምንም አልቀራትም።

ከጁምዓ በኋላ አራቱን በሀዲጃ ግቢ ሰበሰበቻቸው። እትየ ሀዲጃ መደቡ ላይ፣ በድሩ ቆሞ፣ ዘይና ከግድግዳው ተለጥፋ፣ ይመር ከበሩ አጠገብ። ሁለቱ ፖሊሶች ከውጭ ያለውን ሰው ይገፋሉ።

«በድሩ፣ ሐሙስ ማታ ጎማህ ሥር ጠርሙስ አግኝተሃል?»

«አዎ፣ የወይኑን ባዶ። አጥቤ የባትሪ ውሃ ሞላሁበት፤ ወንበሬ ሥር ነው። ምነው?»

«ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ዘይና አፏን በእጇ ያዘች። ረቢአ ጠርሙሱን አስመጥታ ከሟቹ ክፍል ከተገኘው ጎን አቆመችው።

«ሁለት ጠርሙስ» አለች። «ይኼኛው ከአዲስ አበባ የመጣው፣ በዘይና እጅ የቆየው ነው። ሰውዬውን የገደላቸው ሌላ ነው።»

«እሱ የበድሩ ቃል ብቻ ነው» አለ ይመር ቀስ ብሎ። «ጠርሙስ በየመንገዱ ይገኛል።»

«ልክ ነህ። ስለዚህ በድሩን ተወው፤ ዕቃውን እንጠይቅ።» መክፈቻውን ከላስቲኩ አወጣች። «ይህ የአጎትህ ነው። ቡሹ እንደተሰካበት ነው የተገኘው። የተጋመሰ ወይን በመክፈቻ አይከፈትም፤ ቡሹ በእጅ ይጎተታል። ስለዚህ አጎትህ ሐሙስ ማታ አዲስ ጠርሙስ ከፍተዋል።»

እትየ ሀዲጃ «ያ ረቢ!» አለች።

«አሁን ቡሹን ላውጣው።» ጠምዝዛ አላቀቀችውና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። «አንዴ የተከፈተ ቡሽ አንድ ቀዳዳ አለው። ይኼ ጎን ለጎን ሁለት አለው። አቶ ላቀው ከመክፈታቸው በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት፣ መርዙን ጨምሮ፣ መልሶ ወትፎታል። ይህን የሚችል እጁ ከጠርሙስ ጋር የለመደ ሰው ነው።»

«ባርማን ስለሆንኩ ነው?» አለ ይመር። «ደሴ ስንት ባርማን አለ!»

«በባርማንነትህ አልከሰስኩህም። በዝምታህ ነው። ጠዋት እዚያ ክፍል አራት ሰው ቆመን ነበር። እኔና ሁለቱ ፖሊሶች ወይን ከፍተን ስለማናውቅ ይህን መክፈቻ አይተን ምንም አልታየንም። አንተ በቀን ስንቴ የምታደርገው ሥራ ነው። አዲስ ጠርሙስ እንደተከፈተ ከበሩ ሆነህ ታውቃለህ። ግን ‹ዘይና ዘንድ የነበረው ግማሹ ነው› አልከኝ። እኛ ባለማወቅ ዝም አልን፤ አንተ እያወቅህ ዋሸህ።»

ይመር ከንፈሩን አራሰ።

«አጎትህ አመሻሹ ላይ አኩርፈው ነበር፤ ወይናቸው ስለተደፋ። አንተ ከመጣህ በኋላ ሳቁ፤ ‹በድሩን አሸነፍኩት› አሉ። በድሩን የሚያሸንፉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ጉዞ የሚሆን ሌላ ጠርሙስ ሲያገኙ። በዚያ ሰዓት ከአንተ በቀር የመጣ ሰው የለም።»

«ተደፋ?» አለ ይመር። የሰማው ያን አንድ ቃል ብቻ ይመስል ነበር። «ግማሹ ተደፍቶ ነበር?»

«ቦዩ ውስጥ» አለች ዘይና።

«ረቡዕ በስልክ ግማሽ አለኝ ብለውኝ ነበር» አለ። በሩ ሥር ተቀመጠ። «ጋሼ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አዲስ አይከፍቱም። በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም። ሐይቅ ደርሰው ነው የሚከፍቱት ብዬ… ቅዳሜ ለእሷ ያስረክባሉ፣ ከዚያ ወዲያ በእሷ እጅ ነው ብዬ…» ወደ ዘይና አላየም። «ዘጠኝ ዓመት አጠብኳቸው። ‹ቤቱን ሸጬ ልዙርበት› አሉ። ‹አንተ ጎልማሳ ነህ፣ የትም ትኖራለህ› አሉኝ። እየሳቁ! ማታ ግን ጨነቀኝ። ሲነጋ ሰበብ ፈጥሬ ጠርሙሱን እቀበላቸዋለሁ ብዬ ነው ያደርኩት። ወላዲተ አምላክን! ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

እውነቱን ይሁን፣ ከተያዘ በኋላ የመጣ ጸጸት ይሁን፣ ረቢአ አላወቀችም፤ የሚያውቅም ሰው የለም። ፖሊሶቹ አንስተው ወሰዱት። በሩ ላይ የነበረው ሰው ጠዋት የዘይናን ስም በጮኸበት ጉሮሮ የይመርን ስም እየጮኸ ተከተለው።

ኮማንደሩ ደወለ። «ጎበዝ!» አለ። ረቢአ ስልኩን ዘጋችና ወደ ግድግዳው ሄደች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ዘይና። ነጻ ነሽ፤ ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

ዘይና አልተንቀሳቀሰችም።

«ግማሹን ብተውላቸው ኖሮ ያንን ነበር የሚጠጡት።»

«ያ ልጅ የተናገረውን ሁሉ አትመኚ። ጠርሙሱን መልሶ ላይቀበላቸው ይችል ነበር።»

«ሊቀበላቸውም ይችል ነበር።»

«ደንቡን ነው የጠበቅሽው» አለች ረቢአ፤ ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ማነሱ ታወቃት።

«እሱማ እውነት ነው» አለች ዘይና። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። በድሩ ጠጋ ብሎ ነገ አዲሶቹ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ከፈለገች ማረፍ እንደምትችል ነገራት። እሷ የኮስትሩን ቁልፍ ከወገቧ ፈትታ እጁ ውስጥ አስቀመጠችው።

ግቢውን ለቃ ስትወጣ መንገድ ላይ የቀሩት ጎረቤቶች ዞር ብለው አሳለፏት። አንዷ ሰላምታ ልትሰጣት ጀምራ ተወችው። ዘይና በአስፋልቱ ዳር ዳር፣ ባጃጆቹ እየጠሯት ለአንዱም ሳትመልስ፣ ልጆቿ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት አቅጣጫ በእግሯ ሄደች።