የዘጠኝ ሰዓቷ ደንበኛ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ፈጠራ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን ከራሷ ከድርቤ አፍ ነው የሰማሁት። ስሜን ብታነሳ ግድ የለኝም ብላኛለች። የመድኃኒት ቤቱን ስም ብቻ ተወው አለችኝ፤ ትቼዋለሁ።

ቦታው ነቀምቴ ነው፤ ባኬ ጃማ የሚባለው ሰፈር። ወሩ ሐምሌ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ልብ በሉ... ሌሊት አይደለም። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ያለበት፣ ልጆች የሚጮሁበት ቀን ነው።

ድርቤ ፋርማሲስት ናት። ቤቱ ጠባብ ነው። በግራ በኩል መድኃኒቱ፣ በቀኝ በኩል ሳሙናው፣ ዳይፐሩ፣ ብስኩቱና የታሸገው ውሃ ተደርድሯል። በቀኝ በኩል ያለውን የምትሸጠው ብፅዓት ናት። ከጎጃም ሄደው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ ሳቂታ። ሰፈሩ ሁለቱንም ይወዳቸዋል። መድኃኒት የማይፈልግ ሰው እንኳ ጎራ ብሎ ሰላም ብሏቸው ያልፋል።

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መንገዱ ላይ ባጃጅ እንኳ አይታይም።

አንዲት ሴት ገባች።

"አካም ኦልተን" አለች ቀስ ብላ፤ እንዴት ዋላችሁ ማለቷ ነው።

አሮጊትም ወጣትም አይደለችም። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባለች። ከዚያ በኋላ ያወሩት ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

"የትኩሳት ሽሮፕ ፈልጌ ነበር። ለሴት ልጄ ነው።"

"ዕድሜዋ ስንት ነው፣ አዴ?" አለች ድርቤ፤ እናቴ እንደ ማለት ነው።

"ስድስት ሊሞላት ነው።"

"ክብደቷስ? መጠኑን የምነግርዎት በኪሎዋ ነው።"

ሴትዮዋ አሰበች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች። የማይታይ ልጅ ያቀፈች ይመስል ከፍ ዝቅ አደረገቻቸው።

"ትናንት አቅፌያት ነበር" አለች። "ገና ትከብዳለች... ግን ትቀልላለች።"

ድርቤ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። መድኃኒት ቤት የማይመጣ ዓይነት ሰው የለም፤ የጨነቀው ሰው ደግሞ የሚናገረውን አያውቅም። ሽሮፑን ሰጠቻት። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ ብላ አስረዳቻት። ሴትዮዋ "ገለቶሚ" ብላ አመስግና ወጣች።

ብፅዓት መወልወያዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። በክረምት ደንበኛ በወጣ ቁጥር ጭቃ መወልወል ሥራዋ ነው።

ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

"እትዬ ድርቤ..."

"ምነው?"

"ይሄ እኮ ደረቅ ነው።"

ሴትዮዋ የቆመችበት ሲሚንቶ ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረም። ጥላ አልያዘችም። ደጅ ላይም መኪና አልቆመም።

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ሌላ ደንበኛ ገባ፣ ወሬው ተረሳ።

ማታ ድርቤ ቤቷ ስትገባ ልጇ ሊሊሴ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ግንባሯ ይፋጃል።

ሊሊሴ የድርቤ አንድ ልጅ ናት። መስከረም ሲጠባ ስድስት ይሞላታል።

ያኔም ቢሆን ድርቤ አልጠረጠረችም። ክረምት ነው፤ ልጅ ያተኩሰዋል። ያላትን መድኃኒት ሰጠቻት፣ ከአክስቷ ከዱረቲ ጋር አስተኛቻት። ዱረቲ የባሏ እህት ናት፤ ድርቤ ሥራ ስትውል ሕፃኗን የምትይዘው እሷ ናት።

በማግስቱ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ሴትዮዋ ተመለሰች።

"ትኩሳቱ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ" አለች። "ምራቋን መዋጥ አቃታት። ከግራ ጆሮዋ ኋላም ሽፍ ብሎባታል። የሚቀባ ነገር ካለሽ..."

"ሐኪም ቤት ይውሰዷት እንጂ፣ አዴ። ልጅቷን ሳላያት ዝም ብዬ መስጠት አልችልም።"

"ሐኪም ቤትማ እናቷ ትወስዳታለች። ምንም አያገኙባትም።"

የድርቤ እጅ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ቀረ።

"እናቷ...? እርስዎ አይደሉም እንዴ እናቷ?"

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ድርቤን እስከ ዛሬ የሚያስፈራት ያ ፈገግታ ነው። ክፋት አልነበረበትም... ደግ ፈገግታ ነበር።

"እኔ ገና ነኝ" አለች።

ድርቤ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም። ባጃጅ አስቁማ ወደ ቤቷ በረረች። በሩን ስትከፍት ዱረቲ ሕፃኗን ታቅፋ ውሃ በማንኪያ ልታጠጣት ትታገላለች። ውሃው በከንፈሯ ጥግ ይፈሳል።

"መዋጥ አቃታት" አለች ዱረቲ።

ድርቤ የልጇን ፀጉር ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገችው። ከግራ ጆሮዋ ኋላ... ቀይ ሽፍታ።

ሐኪም ቤት ይዘዋት ሄዱ። ደም ታየ፣ ሽንት ታየ፣ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፤ ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠ።

"ምንም አላገኘንባትም" አለ። "ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ አብዝታችሁ ስጧት።"

ድርቤ ያስተማሯትን ሁሉ ታውቃለች። ያን ሁሉ መድኃኒት በእጇ ታድላለች። የዚያን ቀን ግን ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ ወዴት እንደምትሄድ ጠፋት።

በባጃጅ ሲመለሱ ሊሊሴ ዓይኗን ገለጠች።

"ሃርሜ..." አለች። እናቷን የምትጠራት እንደዚያ ነው።

"ወዬ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ስታቅፊኝ እጅሽን አሙቂው። በጣም ይቀዘቅዛል።"

"መቼ ሳቅፍሽ?"

"ማታ ነዋ። ስትመዝኚኝ።"

ድርቤ ማታ አላቀፈቻትም። ዱረቲን አየቻት። ዱረቲ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች... እኔም አይደለሁም ማለቷ ነው።

የድርቤ ባል ኢቢሳ የአይሱዙ ሾፌር ነው። በቆሎ ሊጭን አንገር ጉቲን ወርዶ ጭቃ ይዞታል። ደወለችለት።

"መንገዱ ተቆርጧል" አለ። "ትራክተር እየለመንኩ ነው። እደርሳለሁ... እስከዚያ ጸልዩ።"

ጸለዩ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጡ፣ ሕፃኗ ላይ እጅ ጫኑ፣ አለቀሱ። ሲሄዱ ድርቤ በሩን ቆለፈች። ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ሳትከድን አነጋች። ማንም አልገባም። ይህን ስትነግረኝ ማለችልኝ... ማንም አልገባም።

ጎህ ሲቀድ ግን ክንዷ አንድ ነገር ነገራት።

ያቀፈችው ልብስ መሰላት። ባዶ ልብስ።

ሊሊሴ አልከሳችም። ጉንጯም እጇም እንደነበረ ነው። ክብደቷ ብቻ የለም።

ድርቤ የዚያን ቀን ሥራ አልገባችም። ከልጇ አጠገብ ንቅንቅ ላትል ወሰነች። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ስልኳ ጮኸ። ብፅዓት ናት። ታንሾካሹካለች።

"እትዬ... መጥታለች።"

"ምንም እንዳትሸጪላት።"

"መድኃኒት አልጠየቀችም። በእኔ በኩል ነው የመጣችው። ማበጠሪያ... የፀጉር ቅባት... የልጅ ካልሲ። ለመንገድ ነው አለች።"

"ሰጠሻት?"

ብፅዓት ማልቀስ ጀመረች።

"አልሰጥም ብዬ ነበር። እጄ ሰጣት።"

"አሁን የት ናት?"

"አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አንቺን ነው የምትጠብቀው።"

ድርቤ ልጇን ለዱረቲ ሰጠቻት።

"ከእቅፍሽ እንዳታወርጃት" አለች። "ምንም ቢመጣ... ለአፍታም እንዳታወርጃት።"

መድኃኒት ቤቱ ስትደርስ ብፅዓት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ሴትዮዋ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች፤ የምትሄድበትን አውቶቡስ እንደምትጠብቅ ሰው።

"ልጄን ተዪልኝ" አለች ድርቤ። እርስዎ ማለቱ ቀርቷል።

"ሽሮፑን ሰጥቻታለሁ" አለች ሴትዮዋ። "ልክ አንቺ እንዳልሽኝ። እንድትሠቃይ አልፈለግኩም።"

"ማነሽ?"

ሴትዮዋ የፌስታሏን አፍ ቋጠረች።

ድርቤ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ደንበኛ ሲገባ የምታስተናግድባት ያቺ የረጋች ድምጿ ጠፍታለች።

"እኔን ውሰጂ። በእሷ ፈንታ እኔን..."

ሴትዮዋ አዘነችላት። ድርቤ ደጋግማ የነገረችኝ ይህንን ነው፤ የምሯን ነው ያዘነችላት። እጇን ጉንጯ ላይ አሳረፈች። ድርቤ እንደዚያ ያለ ብርድ በሕይወቷ አታውቅም።

"ኢንታላ ኮ" አለቻት፤ ልጄ እንደ ማለት ነው። "አንቺን ማን ተሸክሞ ይዘልቃል?"

ፌስታሏን አንስታ ወጣች።

ድርቤ ተከትላት ሮጠች። መንገዱ ላይ ዝናብ ብቻ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ዱረቲ ናት።

"አላወረድኳትም" አለች። ሌላ ቃል የላትም። "ድርቤ... ከእቅፌ አላወረድኳትም... አላወረድኳትም..."

ኢቢሳ የደረሰው ለቀብሩ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ትንሿን የሬሳ ሣጥን ከዘመዶቹ ጋር አነሳ። ካነሱት በኋላ ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው አፉን ሊከፍት ሲል ኢቢሳ በዓይኑ ዝም አሰኘው።

እንዲሁ ቀበሯት።

ብፅዓት ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ድርቤ መድኃኒት ቤቱን ተወችው። ቁልፉን ስታስረክብ ለምን ብለው ጠየቋት፤ ታምሜ ነው አለች። ውሸት አልነበረም።

ክረምቱ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ኢቢሳ ድርቤን ጋቢና አስቀምጦ ይዟት ወጣ። ቤት ውስጥ ተቀምጣ ልታልቅ ስለሆነ ነው። ረፋድ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። በጉቶ ጊዳ በኩል ሲያልፉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ደርቆ ቆሟል።

ከፊታቸው አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ዳር ዳሩን ትሄዳለች።

ድርቤ ምንም ሳትል ኢቢሳ ፍሬን ያዘ።

እሱም አይቷል።

ልጅቷ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ዞረች። ሊሊሴ ናት። ጉንጯ ሞልቷል። ደህና ናት። መንገደኛ እንደሚታይ አየቻቸው... አባቷን፣ ከዚያ እናቷን። ዓይኗ የትኛቸውም ላይ አልቆመም።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሁለቱም ሰሟት።

"ሃርሜ" አለች። ድርቤን አይደለም። የሴትዮዋን እጅ እየጎተተች ነው። "ሰዎቹ ለምንድነው የሚያለቅሱት?"

ሴትዮዋ ልጅቷን ይዛ በበቆሎው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ገባች።

ኢቢሳ ዘሎ ወርዶ ተከተላቸው። ድርቤ ልትወርድ ሞከረች፤ የጋቢናው በር አልከፈት አላት። ጠበቀች። ንፋስ አልነበረም። ከበቆሎው አንድ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም... እሱ የገባበት በኩል እንኳ።

ብዙ ቆይቶ ወጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ጎንበስ ብሏል። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል።

ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

"ምን አየህ?" አለችው።

ማርሽ አስገባ።

"ኢቢሳ... ምን አየህ?"

እስከ ዛሬ አልነገራትም። ያን ጊዜ ግን ሸሚዙን አየች። አንገቱ ዙሪያ፣ በሁለቱም ትከሻው ላይ፣ እርጥብ ጭቃ ነበር። የትንንሽ ጣቶች ጭቃ።

እስከ ነቀምቴ ድረስ ወደ መሪው ተጠግቶ ነዳ። ጀርባውን አንድ ጊዜም ወንበሩ ላይ አላስደገፈም።